የጫፍ ገጣሚዋ እህቴ

በአንድ ጎረቤታችን ሰርግ ላይ አስተዋዋቂው ማይኩን እንደያዘ፣ «በመካከላችን ገጣሚ እንዳሉ ሰምተናል፤ ለሙሽሮቻችን አንድ ሁለት ስንኝ ያሰሙልናል» አለና በእጁ ወደ ታላቅ እህቴ አመለከተ። አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። እህቴ ወደ እኔ ዞር ብላ «ምን ጉድ ነው ይሄ?» አለችኝ። እኔ ሳቄን አፍኜ ጠረጴዛ ጠረጴዛውን አያለሁ። በሥራ ቦታዋ «ገጣሚዋ» እንደሚሏት የሰማ አንድ የዋህ ሰው ለአስተዋዋቂው ሹክ ብሎት ኖሯል። ማይኩ ሲደርሳት ተቀበለችና ጉሮሮዋን ጠረግ አድርጋ፣ «እኔ እንኳ የምገጥመው የብርድ ልብስ ጠርዝ ነው። ቤት አይመታም፤ ብርድ ግን አያስገባም» አለች። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩም ስሟን ትቶ ገጣሚዋ ይላታል።

ስሙን ያገኘችው ግን በላቧ ነው። አባታችን ሲሞት እሷ አሥራ ስምንት፣ እኔ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። እናታችን ጤና አልነበራትም። እትዬ ደብተሯን ዘግታ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ያለ አንድ የብርድ ልብስ መሥሪያ ገባች። ሦስት ክፍል ነው ያለው። በመጀመሪያው ጨርቅ ይቆረጣል፣ በሁለተኛው ስድስት የስፌት መኪናዎች ይንጫጫሉ፣ በሦስተኛው ይተኮስና ይታጠፋል። የጥጥ ብናኙ ሰዉን ሁሉ ሽበታም ያስመስለዋል። አለቃው ወፍራም መነጽር ያደረጉ ሰው ናቸው። በዚያ ሁሉ ብናኝ መሃል አንድም ቀን ከረባት ሳያስሩ ገብተው አያውቁም።

እትዬ መጀመሪያ የተሰጣት ሥራ ከወለል ክር መልቀም ነበር። ቆይቶ ማንም የማይወደውን ሥራ ሰጧት፤ የጠርዝ መዝጊያውን። ነገሩ እንዲህ ነው። የብርድ ልብሱ ፊት ከቁራጭ ጨርቆች ተገጣጥሞ ይሰፋል፤ ጀርባው ወጥ ገበር ነው፤ መሃሉ ጥጥ። ጥጡ እንዳይወጣ፣ ጨርቁም እንዳይተረተር ዙሪያው በረጅም ቀጭን ጨርቅ ይለበጣል። ያ የጠርዝ ጨርቅ ለሁለት ታጥፎ፣ በአራቱም ጎን እየተሰፋ ዞሮ ዞሮ የተነሳበት ቦታ ይመለሳል። ጣጣው የሚጀምረው እዚያ ነው፤ መነሻውና መድረሻው ሲገናኙ።

የድሮዎቹ ሰፊዎች አንዱን ጫፍ አጠፍ አድርገው ሌላውን ውስጡ ይወሽቁና ከላይ ይረግጡበት ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ጨርቁ ስምንት ዘጠኝ ድርብ ይሆናል። መርፌ ይሰብራል። ያልሰበረ እንደሆነም ለውዝ የዋጠ ይመስል ጉብ ብሎ ይቀራል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ደግሞ መጀመሪያ አፉን የሚከፍተው እሱ ነው። እትዬ በቀን አሥራ አምስት ሃያ ለውዝ ትሠራለች። ማታ ቤት ስትገባ ጣቷን በሙቅ ውሃ ነክራ፣ «ይሄን ነገር የፈጠረው ሰው ብርድ ልብስ ለብሶ አያውቅም» ትላለች።

መላው የተገኘው ከአለቃው አንገት ነው። አንድ ቀን ከረባታቸው በበር እጀታ ተይዞ ይተረተርባቸዋል። እያፈሩ አምጥተው፣ «ልጄ፣ እስቲ ሰው ሳያይ ጠግኚልኝ» አሏት። ፈታ ስታየው ከረባቱ ለካ ከአንድ ወጥ ጨርቅ አልተሠራም፤ አንገት የሚዞረው ላይ ተቀጥሏል። በዚያ ቀጭን ነገር ላይ መቀጠያው በጣት ሲዳሰስ አይታወቅም። ለምን? ስፌቱ ቀጥ ብሎ አልተሻገረም፤ ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ነው የሄደው። ቀጥ ያለ ስፌት ሲታጠፍ ውፍረቱ ሁሉ አንድ ቦታ ይቆለላል። ሰያፉ ግን ውፍረቱን ያካፍለዋል፤ ሸክም ለሁለት እንደመያዝ ነው።

ማየትና መሥራት ግን ለየቅል ናቸው። ያን ሳምንት የጋራ አልጋችን በወረቀት ቁራጭ ተሞላ። ከአሮጌ ደብተሬ ላይ ረጃጅም ወረቀት እየቆረጠች ጫፍና ጫፍ ታጣብቃለች። አንዱ ተጠምዞ ገመድ ይሆናል። አንዱ ቀጥ ብሎ መሄዱ ቀርቶ እንደ ክርን ይታጠፋል። ልኩም አልገኝ አላት። ጫፎቹን በሦስት ጣት ያህል ስታደራርባቸው ጠርዙ አጥሮ ብርድ ልብሱን ይሸበሽበዋል። በአምስት ጣት ስታደርገው ደግሞ ይረዝምና እንደ ሰነፍ ተማሪ ኮሌታ ይንዘላዘላል።

በሰባተኛው ቀን እኔ የቤት ሥራዬን ስሠራ ድንገት ጀርባዬን በጥፊ አለችኝ።

«ልኩ ራሱ ጨርቁ ነው! ሞኝ ነኝ እኔ፣ ሞኝ!»

አሠራሩን እንዲህ ስትል አስረዳችኝ፤ የጠርዙን ጨርቅ ገልጠሽ ስፋቱን ትለኪያለሽ። ሁለቱ ጫፎች የሚደራረቡት ልክ ያንኑ ያህል ነው፤ አንድ ክር አይበልጥም፣ አንድ ክር አያንስም። ትርፉን ቆርጠሽ ሁለቱንም ጫፎች ትገልጫለሽ። ፊትና ፊታቸውን ገጥመሽ አንዱን በአንዱ ላይ እንደ ቤት ማዕዘን ታስቀምጫለሽ። ከጥግ ወደ ጥግ በጠመኔ አስምረሽ፣ በስፒል ይዘሽ በመስመሩ ላይ ትሰፊያለሽ። ከዚያ ዘርግተሽ ታያለሽ። ልክ ከሆነ ብቻ ትርፉን ከርክመሽ፣ ስፌቱን ከፍተሽ በካውያ ትተኩሺዋለሽ። «ዘርግተሽ ሳታዪ መቀስ አታንሺ» የምትለው ነገር ያኔ ነው የተጀመረው። እኔ እስከ ዛሬ ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ሁለቴ የማነበው በሷ የተነሳ ነው።

ብርድ ልብሶቹ ለውዝ መዋጥ አቆሙ። ከሰፊዎቹ አንዷ በእጇ ፍጥነት «ንፋስ» የምትባል፣ ምላሷም ከእጇ የማይዘገይ ሴት ነበረች። «ሰው የሠራውን ሰው አያጣውም» ብላ በሻይና በዳቦ ተወራረደች። ዓይኗን በጨርቅ አስረው ጠርዙን በጣቷ እንድታስስ አደረጓት። አንድ ዙር ዞረች። ሁለተኛ ዞረች። በሦስተኛው ጨርቁን ከዓይኗ ላይ ገፋ ብታደርግም መቀጠያውን አላገኘችውም። «ይህቺ ሴት አትሰፋም፤ ትገጥማለች» አለች። ስሙ የወጣው በዚህ ነው። ሻዩንም ከፈለች።

ሃያ ሰባት ዓመት እንዲህ ሄደ። እትዬ በሯን ሊሠራ መጥቶ ልቧን ይዞ የሄደ አናጢ አገባች፤ እኔ «ጋሼ» ነው የምለው። ልጅ አልወለዱም። የእኔን ትምህርት ግን ሁለቱ ሆነው ከዳር አደረሱት፤ ዛሬ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ የምኖረውም ከእነሱ ጋር ነው።

አርባ አምስት ዓመቷ ላይ አንድ ረፋድ ሥራ ላይ ተቀምጣ ሳለ ብርድ ልብሱ ከግራ እጇ ተንሸራቶ ወደቀ። ልታነሳው ሞከረች። «እጄን ማን ያዘኝ?» አለች። ማንም አልያዛትም። ንፋስ ቀና ብላ ስታያት አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። የስፌት መኪናዋን ሳታጠፋ ትታ ተነስታ፣ በክንዷ አቅፋ ታክሲ ውስጥ አስገባቻት። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ቶሎ በመምጣቷ ተረፈች። አንደበቷ በወሩ ተመለሰ፤ እግሯም ቀስ እያለ ታዘዛት። ግራ እጇ ግን ትከሻዋ ላይ የተንጠለጠለ የሰው ዕቃ ሆኖ ቀረ። ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጣቶቹ ግን አይቆነጥጡም፣ አይይዙም።

በስድስተኛው ወር ወደ ሥራ ቦታዋ ሄደች። አለቃው አክብረው አስቀመጧት። «አንቺማ የቤታችን ምሰሶ ነሽ፤ አሁን ግን አርፈሽ ብትኖሪ ነው የሚሻለው» አሏት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሚሉት ነገር ጠፍቷቸው ነው። እትዬ የግል መቀሷን ከመሳቢያ አውጥታ በቦርሳዋ ይዛ መጣች። ቤት ስትደርስ ከልብስ ሥር ደበቀችው። ከዚያ ቀን በኋላ ዝም አለች። ስጠይቃት «ደህና ነኝ» ትላለች። ስቀልድ ፈገግ ትላለች፤ ዓይኗ ግን ከፈገግታው ጋር አይመጣም። ከዚህ በፊት እሷ ዝም ስትል አይቼ ስለማላውቅ ቤቱ ሰው የሌለበት እየመሰለኝ ፈራሁ።

ዝምታውን የሰበረው ጋሼ ነው። ጋሼ በቀን ሃያ ቃል ከተናገረ ያ ቀን ለሱ ጉባኤ ነው። አንድ እሁድ ጠዋት ሻይ እየጠጣን፣ «ግራ እጅሽ ምን ምን ነበር የሚሠራው?» አላት።

ፊቷ ቅጭም አለ። «አሁን ይሄ ይጠየቃል? ቁስሌን ልትነካካ ነው?»

«የተሰበረ በር ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የቱ ጋ ይይዝ ነበር ብዬ ነው» አለ እሱ፤ ሻዩን እያማሰለ።

ተቆጥታ ተነሳች። መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ በሩን ከፈት አድርጋ፣ «ጨርቁን ይጫን ነበር» አለች። ተመልሳ ዘጋችው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ማዕዘኑ እንዳይንሸራተት ይይዝ ነበር።» ለሦስተኛ ጊዜ ስትወጣ ግን በሩን አልዘጋችም፤ መጥታ ተቀመጠች። «ብርድ ልብሱን ሰብሰብ አድርጎ ይቆነጥጥልኛል፤ አለዚያ ጫፎቹ አይደራረሱም። ቀኝ እጄ ስፒል ሲወጋ ከሥር ይቀበለዋል። ይኸው ነው። አራት ሥራ ነው የነበረው።» ጋሼ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ አራቱንም በዳቦ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ጻፈ።

በሳምንቱ አንድ ክንድ የማይሞላ ጣውላ ይዞ መጣ። ጥጉ ላይ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ማዕዘን ሠርተው ተለጥፈዋል፤ ሁለቱ ጫፎች እዚያ ውስጥ ከተቀመጡ ወዴትም አይሄዱም። በላያቸው በማጠፊያ የሚዘጋ ስስ ክዳን አለ፤ እንደ እጅ ይጫናቸዋል። ክዳኑ ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ተሰንጥቋል። በስንጥቁ ጠመኔ ይገባል፤ ስፒሎቹም እንዲያልፉ ከሥር ያለው ጣውላ እንደዚያው ተሰንጥቋል። እትዬ አሮጌ ብርድ ልብስ አምጥታ ሞከረች። አስመረች፣ ስፒል ወጋች፣ ከጣውላው አውጥታ ቤት ባለው የስፌት መኪና ሰፋች። ዘርግታ ስታየው ሁለቱ ጫፎች ጎን ለጎን ሆነው ወደ ታች ተንጠልጥለዋል።

«ይሄ ብርድ ልብስ ነው ሱሪ?» አለች።

ጋሼ ስንጥቁን በተቃራኒው ሰያፍ ሠርቶት ኖሯል። እትዬ መሳቅ ጀመረች። ሳቀች፣ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጋሼ ግራ ገብቶት ቆሞ ያያታል። ከስትሮኩ በኋላ ከአንጀቷ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው። ጣውላው ባይሠራም እኔ በልቤ ሥራውን ሠራ ብያለሁ።

ሁለተኛው ጣውላ ሰያፉን አስተካከለ፤ ግን እንጨቱ ሻካራ ስለነበር የጨርቁን ክር እየመዘዘ አስቸገረ። ሦስተኛውን ጋሼ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ አሽቶ እንደ ሳህን አለሰለሰው። መደራረቢያውንም እንድትለካበት ልክ በጠርዙ ጨርቅ ስፋት አንዲት ቀጭን እንጨት ቆርጦ በገመድ አሰረላት። የቀረው የብርድ ልብሱ መሰብሰብ ነበር። መጀመሪያ በጥርሷ ልትይዝ ሞክራ ጥጥ በጥጥ ሆነች። ኋላ የልብስ መቆንጠጫ በቀኝ እጇ እየሰካች ሰብሰብ አደረገችው። ግራ እጇን ደግሞ አንስታ ብርድ ልብሱ ላይ ጣል ታደርገዋለች። «ድንጋይም ቢሆን ለመጫኛ ያገለግላል» ትላለች። የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና የምትሰጣት ባለሙያ ይህን ስትሰማ፣ «እሰይ! እጁን አትተዪው፤ ሥራ ስጪው» አለቻት።

የመጀመሪያው የተሳካ ገጠማ ግማሽ ቀን ፈጀ። እኔ ከሥራ ስመለስ ብርድ ልብሱን አልጋ ላይ ዘርግታ ቆማለች። «እንኳን ደስ ያለሽ» ልላት ስል የስፌት መፍቻ አንስታ መተርተር ጀመረች።

«እትዬ! ምን ሆንሽ? ተስተካክሎ የለ እንዴ!»

«አንዴ የተሳካ ዕድል ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ነው ሙያ» አለችኝ።

ሁለተኛው በሁለት ሰዓት አለቀ። ወር ሳይሞላ አንዱን በሃያ ደቂቃ ታወጣው ጀመር።

ይህ ሲሆን የብርድ ልብስ መሥሪያው ጭንቅ ላይ ነበር። እትዬ ከወጣች በኋላ ሰፊዎቹ ወደ ለውዙ ተመልሰዋል። ለአንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል የተሰፉ ትናንሽ ብርድ ልብሶች ከጥቂት እጥበት በኋላ መገጣጠሚያቸው እየተተረተረ ክር ማውጣት ጀመሩ። አንድ ቀን የአንዲት አራስ ልጅ ጣት በዚያ ክር ተጠምጥሞ ዋና ነርሷ አየችው። በጊዜ ስለተፈታ ልጅቷን የነካት ነገር የለም። ነርሷ ግን ብርድ ልብሶቹን በሙሉ በከረጢት ጠቅጥቃ መለሰቻቸው።

ንፋስ ከነዚያ ከረጢቶች አንዱን ተሸክማ አንድ ከሰዓት በራችን ላይ ቆመች። ያቺ አፏ የማይዘገይ ሴት ምላሷ ታስሮባታል።

«ዝም ብዬ... በዚህ ሳልፍ... እግሬ ነው ያመጣኝ» አለች።

«እግርሽ ከረጢት ይሸከማል እንዴ?» አለቻት እትዬ። «ግቢ በይ።»

ንፋስ ከረጢቱን ዘረገፈችው። የአራሷን ልጅ ነገር ነገረችን። «አንዱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። የቱ እንደሆነ አላውቅም፤ ግን አንዱን እኔ ነኝ የሰፋሁት። ስንት ዓመት አጠገብሽ ተቀምጬ አንድ ቀን አሳዪኝ አላልኩሽም። ኩራት ነው።»

እትዬ ጣውላውን ጠረጴዛ ላይ አወጣች። «እኔስ ነይ ላሳይሽ ብዬሽ አውቃለሁ? ገጣሚዋ ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሌላ ሰው እንዲባል አልፈለግኩም። በይ አሁን ቁጭ በይ፤ ኩራቱን ለሁለት እንካፈለው።» ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ሰዓት ጀምሮ መሸት እስኪል ሠሩ። ንፋስ የመጀመሪያውን ዘርግታ ሳታይ ከረከመችው፤ ተጠምዞ ተገኘ። ያን ጊዜ የደረሰባትን ተግሣጽ እዚህ ባልጽፈው ይሻላል። አራተኛው ልክ መጣ።

በማግሥቱ አለቃው ከረባታቸውን አስረው ቤታችን መጡ። ተቀምጠው ሻይ ከጠጡ በኋላ፣ «እንግዲህ ያን ዕለት የተናገርኩት ነገር...» ብለው ጀመሩ።

«ይተዉት» አለች እትዬ። «እመለሳለሁ። ግን ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ወንበሬ መስኮቱ ጋ ይሁን። ሁለተኛ፣ ስድስቱም ሰፊዎች ይህን ሥራ ከእኔ ይማራሉ።»

አለቃው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «የመጀመሪያው ቀላል ነው። ሁለተኛው ግን ለአንቺው አይጎዳሽም? ሁሉም ካወቁት ለአንቺ ምን ይቀርሻል?»

«እኔ ስወድቅ ሥራው አብሮኝ ወደቀ፤ መጨረሻው ሕፃን ጣት ላይ ደረሰ። እኔ መቼ እንደምወድቅ አላውቅም። ሥራው ግን ሁለተኛ አይወድቅም።»

አለቃው ተነስተው፣ ለዚህች ወለል ጠራጊ አድርገው ለቀጠሯት ሴት፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

የሕፃናቱ ብርድ ልብሶች መገጣጠሚያቸው ተፈትቶ እንደገና ተሠራ። እትዬና ንፋስ ራሳቸው ይዘዋቸው ሄዱ። ዋና ነርሷ መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ አገላበጠቻቸው፤ ክር ካለ ብላ በጥፍሯ ጫረች፣ ጎተተች። የመጨረሻውን አጥፋ ካስቀመጠች በኋላ እጃቸውን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችና ያቺን ልጅ አሳየቻቸው። ተኝታለች። አምስቱም ጣቶቿ ተጨብጠዋል። እትዬ ያን ዕለት ስለ ብርድ ልብሱ ሳይሆን ስለዚያ ጭብጥ እያወራች አመሸች።

ዛሬ መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ስድስት ሰው ይይዛል። ጋሼ ጣውላ ሲሠራ ሰባተኛው ላይ ደርሷል። በርና መስኮት የሚያሠሩት ደንበኞቹ «ሰውየው ልብስ ሰፊ ሆነ እንዴ?» እያሉ ያሙታል። የእትዬ ግራ እጅ አሁን መቆንጠጫውን ይከፍታል። ስፒል ገና አይይዝም፤ እሷ ግን በየጠዋቱ ትሞክረዋለች።

ባለፈው ሳምንት ያቺ የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያ አንዲት ወጣት ሴት ይዛ ወደ መሥሪያው መጣች። ሴትየዋ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ የቀኝ እጇን ሦስት ጣቶች የወፍጮው ቀበቶ ወስዶባታል። እጇን ከሻርፗ ሥር አላወጣችም። እትዬ ስለ እጇ አንድ ቃል አልጠየቀቻትም። «ክዳኑ ለሷ በዚያኛው ጎን መከፈት አለበት» ብላ ጣውላ ሊያደርስ የመጣውን ጋሼን ጠራችው። እሱም እዚያው ቆሞ ማጠፊያውን ነቅሎ አዞረላት። ሴትየዋ ጠዋቱን በሙሉ ሠርታ ሁለት አበላሸች። ከምሳ በኋላ ሻርፗን ከትከሻዋ አውርዳ ወንበር ላይ አንጠለጠለች። ሦስተኛውን ስትዘረጋው ጠርዙ አልተጠመዘዘም፣ አልተሸበሸበም፤ ቀጥ ብሎ ሄደ። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ እትዬ ቀና ብላ፣

«ነገ ስንት ሰዓት ልምጣ?» አለች።

«ሁለት ሰዓት» አለቻት እትዬ። «መቀስሽን ይዘሽ ነይ። የእኔን ለባሌም አላውስም።»